ኮምፒዩተሩ ፎርማት ከመደረጉ በፊት የሰርቨሩ ቨርዥን ይጻፍ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በዙሪያቸው ባሉ ትናንሽ ከተሞች የትምህርት ቤት፣ የክሊኒክ፣ የፋርማሲ ወይም የወረዳ ጽሕፈት ቤት ዳታቤዝ በእጃቸው ላለ ሰዎች ነው። ነገሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አዲስ ኮምፒዩተር ይገዛል፤ የአሮጌው ባክአፕ በፍላሽ ይመጣል፤ አዲሱ ላይ ሲጭኑት እንቢ ይላል። ወዲያው «ፍላሹ ተበላሽቷል»፣ «ቫይረስ በልቶታል» ይባልና ተስፋ ይቆረጣል። አሮጌው ኮምፒዩተርም ፎርማት ተደርጎ ለሌላ ቢሮ ይሰጣል።

አብሽሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ደህና ነው። ያልገጠመው ባክአፑ የወጣበት ሰርቨርና የሚጫንበት ሰርቨር ቨርዥን ነው። ሰርቨር የምለው ዳታውን የሚያስቀምጠውንና የሚያነበውን ፕሮግራም ነው፤ ቨርዥን ደግሞ የእትሙ ቁጥር ነው። ያን ጊዜ ዳታውን አስተካክሎ ሊያወጣልን የሚችለው ያው ሊፎርማት ተራ የያዘው አሮጌ ማሽን ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምነው አዲሱ ላይ ዳታው ተከፍቶ፣ አንድ ሙሉ ሪፖርት ወጥቶ፣ ከአሮጌው ሪፖርት ጋር ቁጥር በቁጥር እስኪመሳከር ድረስ አሮጌውን ማንም እንዳይነካው ነው። ቨርዥኑን ለማወቅ ደግሞ አንድ መስመር ይበቃል፦ «ሰሌክት @@ቨርዥን»። ይህ ትእዛዝ በኤስኪውኤል ሰርቨርም በማይኤስኪውኤልም ይሠራል፤ ሁለቱም የዳታቤዝ ሰርቨሮች ናቸው። እዚህ በአማርኛ የጻፍኳቸው ትእዛዞችና ስሞች ኮምፒዩተሩ ላይ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። የወጣውን ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ድረስ ወረቀት ላይ ጻፉት።

የቁጥሩ ትርጉም ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ጎልቶ ይታያል። ዳታው ዲስክ ላይ የሚጻፍበት አሠራር በየቨርዥኑ ይለወጣል። አዲሱ ሰርቨር የአሮጌውን ባክአፕ ያነባል፤ ሲከፍተውም ወደ ራሱ አሠራር ይለውጠዋል። አሮጌው ግን ከእሱ በኋላ የመጣን አሠራር ሊያውቅ አይችልም። ኤረር 3169 የሚለው ይህንኑ ነው፦ ባክአፑ በ15.00.2000 ተወስዷል፣ ይህ ሰርቨር 10.50.1600 ነው። አነባበቡም እንዲህ ነው፤ 10.50 ማለት 2008 አር2፣ 11 ማለት 2012፣ 12 ማለት 2014፣ 13 ማለት 2016፣ 14 ማለት 2017፣ 15 ማለት 2019፣ 16 ማለት 2022። እንግዲህ ከላይ ያለው ሰው የ2019ን ባክአፕ 2008 አር2 ላይ ሊጭን እየታገለ ነው። ባክአፑን ትቶ የኤምዲኤፍ ፋይሉን (ዳታው ራሱ የሚቀመጥበትን ፋይል) ልክ እንዳለ ቀድቶ ቢያያይዘው ደግሞ ኤረር 948 ይመጣል፤ ዳታቤዙ ቁጥር 904 ነው፣ ሰርቨሩ የሚችለው እስከ 661 ነው ይላል። በሁለቱም በኩል መልእክቱ አንድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። 2019 ላይ ኮምፓቲቢሊቲ ሌቭል የሚባለውን ከ150 ወደ 100 ዝቅ አድርጎ ባክአፕ ቢወስድ 2008 የሚቀበለው ይመስለዋል። አይቀበለውም። ይህ ሌቭል ሰርቨሩ ጥያቄን እንዴት እንደሚረዳና እንደሚያሰላ ብቻ ይወስናል፤ የፋይሉን አሠራር አይነካም። ፍላሽ ላይ ያለ ባክአፕ ከየትኛው ቨርዥን እንደወጣ ሳይጭኑት ለማወቅ «ሪስቶር ሄደርኦንሊ» የሚለውን ትእዛዝ ስጡትና «ሶፍትዌር ቨርዥን ሜጀር» የሚለውን ዓምድ እዩ።

ከአዲስ ወደ አሮጌ መውረድ ግድ ከሆነ መንገዱ ዳታውን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። አዲሱ ሰርቨር ባለበት ማሽን ማኔጅመንት ስቱዲዮን፣ ማለትም የኤስኪውኤል ሰርቨር ማስተዳደሪያ ፕሮግራሙን፣ ክፈቱ፤ ዳታቤዙ ላይ በቀኝ ክሊክ ታስክስ፣ ቀጥሎ ጀነሬት ስክሪፕትስ በሉ፤ አድቫንስድ ውስጥ ሁለት ቦታ ለውጡ። አንደኛው «ታይፕስ ኦፍ ዳታ ቱ ስክሪፕት» ነው፤ እዚህ ስኪማም (የሠንጠረዦቹ ቅርጽ) ዳታም መመረጥ አለበት፣ አለዚያ ባዶ ሠንጠረዥ ብቻ ይወጣል። ሁለተኛው «ስክሪፕት ፎር ሰርቨር ቨርዥን» ነው፤ የአሮጌውን ሰርቨር ቨርዥን ምረጡ። ፋይሉ ሲቀመጥ ዩኒኮድ ይሁን፤ ካልሆነ አማርኛው ይጠፋል። ስክሪፕቱ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ከሆነ በስቱዲዮ ልክፈተው ብላችሁ አትድከሙ፤ ሚሞሪ አልበቃኝም ይላል። ኤስኪውኤልሲኤምዲ በሚባለው በጥቁሩ መስኮት አስገቡት።

ከአሮጌ ወደ አዲስ ሲወጣ ችግሩ ቀላል ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ዳታቤዙ የድሮ ሌቭሉን ይዞ ይመጣል፤ በዚያው ለጥቂት ሳምንታት አሠሩት። ከኤስኪውኤል ሰርቨር 2014 ጀምሮ፣ ማለትም ከሌቭል 120፣ ሰርቨሩ ስንት ረድፍ ይመጣል ብሎ የሚገምትበት ዘዴ ተለውጧል። ስለዚህ ሌቭሉ ከፍ ሲል በሰከንድ ይወጣ የነበረ ሪፖርት ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ሌቭሉን መልሶ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ዳታ አይጎዳም።

ብዙ ትምህርት ቤቶችና አነስተኛ ድርጅቶች ግን የሚሠሩት የዳታቤዝ ሰርቨርንና ፒኤችፒ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ላይ በሚጭነው በዛምፕ ነው፤ የዛምፕ ጣጣም የሚጀምረው ከስሙ ነው። «ዛምፕ 8.2.12 ስላለኝ ማይኤስኪውኤል 8 አለኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ያ ቁጥር የፒኤችፒ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው የዳታቤዝ ሰርቨር ማሪያዲቢ 10.4.32 ነው። ማሪያዲቢ ከማይኤስኪውኤል ተገንጥሎ የወጣ ዘመዱ ነው፤ ብዙው ነገራቸው ይመሳሰላል፣ ቨርዥናቸው በጨመረ ቁጥር ግን እየተራራቁ ሄደዋል። ከማይኤስኪውኤል 8 የወጣ ዳምፕ፣ ማለትም ዳታቤዙ ወደ ጽሑፍ ተገልብጦ የወጣበት ፋይል፣ ዛምፕ ላይ ሲጫን ኤረር 1273 ይመጣል፤ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 0900 ኤአይ ሲአይ» የሚባለውን ኮሌሽን (ፊደል የሚነጻጸርበትንና የሚደረደርበትን ደንብ) አላውቀውም ማለቱ ነው። በስሙ ውስጥ ቃላቱ የሚለያዩት በታችኛ ሰረዝ ነው። ዳምፑን በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ከፍታችሁ ይህን ስም በሙሉ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ዩኒኮድ ሲአይ» በሚለው ተኩት፤ ይገባል። የምትጭኑበት ማይኤስኪውኤል 5.7 ከሆነም መፍትሔው ይኸው ነው። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. ከ2024 አጋማሽ ወዲህ ከወጡ የማሪያዲቢ እትሞች የተወሰደ ዳምፕ የመጀመሪያው መስመር ላይ 999999 የሚል ቁጥርና «ሳንድቦክስ ሞድ» የሚል ቃል ይኖረዋል። የማይኤስኪውኤል ደንበኛ ፕሮግራም ይህን ላይረዳውና መስመር አንድ ላይ ሊቆም ይችላል። ያችን አንድ መስመር ብቻ አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። ሙሉ ዳታቤዝ በአንዲት መስመር ምክንያት ተበላሽቷል መባሉ ያሳዝናል።

ዛምፕን የሚመለከት ሌላ ጥፋት አለ፤ ከሁሉም ይከፋል። ዳምፕ ሳይወስዱ «ዳታ» ከሚባለው ፎልደር ውስጥ የዳታቤዙን ፎልደር ብቻ በፍላሽ መቅዳት። አዲሱ ላይ የሠንጠረዦቹ ስም ይታያል፤ ሲከፍቷቸው ግን ኤረር 1932፣ ሠንጠረዡ ኤንጂኑ ውስጥ የለም ይላል። ምክንያቱም ኢኖዲቢ የሚባለው ዳታ አስቀማጭ ኤንጂን የየሠንጠረዡን መዝገብ የሚይዘው ከዚያ ፎልደር ውጭ፣ አይቢዳታ1 በሚባል ፋይል ውስጥ ነው። እሱ አሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ቀርቷል። አሮጌው ካልተፎርማተ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሰርቨሩን በደንብ ዝጉ፤ «ዳታ» ፎልደሩን እንዳለ፣ አንድም ፋይል ሳይቀር ቅዱ፤ አዲሱ ላይ መጀመሪያ ከአሮጌው ጋር በቁጥር አንድ የሆነውን ቨርዥን ጫኑ፤ ፎልደሩን እዚያ አስገብታችሁ አስነሱ፤ ከዚያ ዳምፕ ውሰዱ። ወደ አዲሱ ቨርዥን የምትወስዱት ያንን ዳምፕ ነው። ማይኤስኪውኤልን እዚያው ላዩ ላይ አፕግሬድ የሚያደርግ ሰው ደግሞ ከ5.6 በቀጥታ ወደ 8.0 መዝለል እንደማይችል ይወቅ፤ በ5.7 በኩል ማለፍ አለበት። 8.0 ላይ ከደረሰ በኋላ ያንኑ ፎልደር ወደ 5.7 መመለስ የለም።

ዳምፑ በሰላም ገባ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። የተማሪ ውጤት የሚደምር ፕሮግራም የጻፈ ሰው የደረጃውን ዓምድ «ራንክ» ብሎ መሰየሙ የተለመደ ነው። ከማይኤስኪውኤል 8.0 ጀምሮ ይህ ቃል ለሰርቨሩ የተከለለ ሆኗል፤ «ግሩፕስ» እና «ሲስተም»ም እንዲሁ። 5.7 ላይ ለዓመታት ሮስተር ሲያወጣ የኖረ ፕሮግራም 8.0 ላይ ካርድ ሊታተም ሲል ኤረር 1064 ይሰጣል። ኤረሩ የሚጠቁመው «ራንክ» ያለበትን ቦታ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ቃሉን በዚያች ከ1 ቁጥር ቁልፍ በስተግራ ባለችው ወደ ኋላ ባጋደለች ጭረት ከፊትና ከኋላ መክበብ፣ ወይም ዓምዱን «የተማሪ ራንክ» ብሎ በአንድ ቃል መሰየም ነው።

የቀን ጉዳይ ግን በተለይ የእኛ ነው፤ በውጭ አገር መመሪያዎች ውስጥ ተጽፎ አይገኝም። ብዙ ፕሮግራሞች የኢትዮጵያን ቀን በቀጥታ «ዴት» በሚባለው የዓምድ ዓይነት ውስጥ ያስቀምጣሉ። ጥቅምት 30 ቀን 2017 እንደ 2017-02-30 ይገባል። ሰርቨሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ካላንደርን ነው፤ ለእሱ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፣ ፌብሩዋሪ 30 የለውም። 29ም ቢሆን ያለው ዓመቱ ለአራት ሲካፈል ብቻ ነው። ጳጉሜ ደግሞ ወር 13 ነውና ጨርሶ አይታወቅም። ሲቆጠር በዓመት ቢያንስ ስድስት፣ ጳጉሜ ስድስት በሚሆንበት ዓመት ደግሞ ስምንት ቀን ማለት ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት 29 እና 30፣ ከጳጉሜ 1 እስከ 6።

ቨርዥኑ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። 5.6ና ከዚያ በፊት የነበሩት ማይኤስኪውኤሎች በራሳቸው ነባር ቅንብር እንዲህ ያለውን ቀን ሲያገኙ ዝም ብለው 0000-00-00 ብለው ይጽፉ ነበር። ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ፤ ፕሮግራሙ ግን አያሳየውም። ከ5.7 ጀምሮ ስሕተት ያለበትን ዳታ የማይቀበለው ጥብቁ ሁኔታ ነባር ሆነ፤ ኤረር 1292 ሰጥቶ ምዝገባውን ይከለክላል። ዳምፑ ሲጫን ግን ይህ አይታይም፤ ዳምፑ ራሱ አናቱ ላይ ጥብቁን ሁኔታ ለጊዜው ስለሚያነሳው ዜሮዎቹ ሳይነኩ ያልፋሉ። በሐምሌ የተቀየረ ሰርቨር ሐምሌንና ነሐሴን ሲሠራ ይቆይና ጳጉሜ 1 ቀን ካርድ ክፍሉ አንድም ታካሚ መመዝገብ ያቅተዋል። ባለሙያው «ትናንት ይሠራ ነበር» ይላል፤ እውነቱን ነው።

ጥብቁን ሁኔታ ማጥፋት መፍትሔ አይደለም፤ እንደገና ቀን መጥፋት ይጀምራል። በመጀመሪያ ስንት ቀን እንደጠፋ ቁጠሩ። ቀኑን ከ0000-00-00 ጋር በቀጥታ ማነጻጸር አዲሱ ሰርቨር ላይ ራሱ ኤረር ስለሚሰጥ፣ «ይር» በሚለው ፈንክሽን ዓመቱን አውጥታችሁ ዓመቱ ዜሮ የሆነውን ፈልጉ። እነዚያ ቀኖች ከዳታቤዙ ውስጥ አይገኙም፤ ከወረቀት መዝገብ መሞላት አለባቸው፤ የካርድ ቁጥሩ ወይም የደረሰኝ ቁጥሩ ከፊቱና ከኋላው ባሉት መካከል የትኛው ቀን ላይ እንደሚወድቅ ይጠቁማል። ቀጥሎ ዓምዱን አስተካክሉ። ጥሩው መንገድ የፈረንጁን ቀን በ«ዴት» አስቀምጦ ለሰው ሲታይ ብቻ ወደ ኢትዮጵያ መለወጥ ነው። ፕሮግራሙን መለወጥ የማይቻል ከሆነ ዓመት፣ ወርና ቀንን በሦስት የቁጥር ዓምድ መያዝ ይቻላል። «አላው ኢንቫሊድ ዴትስ» የሚባል ቅንብር አለ፤ ጥቅምት 30ን ይቀበላል፣ ጳጉሜን ግን አይቀበልም፤ ስለዚህ ግማሽ መፍትሔ ነው።

ፕሮግራሙ ጨርሶ አልገባም ካለ፣ ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ኤረር 2059 ወይም 1251 ከታየ፣ ነገሩ የመግቢያ ዘዴ ነው። ከማይኤስኪውኤል 8.0 ጀምሮ ነባሩ ዘዴ ተለውጧል፤ የድሮ ኮኔክተር (ፕሮግራሙን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) አያውቀውም። ኮኔክተሩን ማደስ ነው፤ ፒኤችፒ ከሆነ 7.4ና ከዚያ በላይ ይሁን። ያንን ዩዘር ብቻ ወደ ድሮው ዘዴ መመለስ 8.0 ላይ ለጊዜው ያስኬዳል፤ 8.4 ላይ ግን የድሮው ዘዴ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፣ 9.0 ላይ ደግሞ ጨርሶ ወጥቷል። «ማይኤስኪውኤል ኮኔክት የሚባል ፈንክሽን የለም» የሚል መልእክት ግን ሰርቨሩን አይመለከትም፤ ፒኤችፒ 7 ያንን ፈንክሽን ስላስወጣው ነው።

አማርኛው ተበላሸ ሲባል ምን ዓይነት ብልሽት እንደሆነ ማየት ይገባል፤ ሦስት ዓይነት ነውና። ባዶ ሳጥን ከሆነ ፎንት ነው፤ ዳታው ደህና ነው። በየአማርኛው ፊደል ፈንታ ሦስት ሦስት እንግዳ ምልክት ከሆነና በየሦስቱ መጀመሪያ ላይ አናቷ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» ከቆመች፣ ዳታው አለ፤ የተነበበው በተሳሳተ ካራክተር ሴት (ፊደል በቁጥር የሚቀመጥበት ዘዴ) ነው። ይህ የሚመጣው በድሮው ማይኤስኪውኤል ነባር በነበረው ላቲን1 ሠንጠረዥ ውስጥ ዩቲኤፍ8 ሲጻፍ ነው። ዳምፑን ካራክተር ሴቱ ላቲን1 ይሁን ብላችሁ፣ የካራክተር ሴት መስመሩንም አታስገባ ብላችሁ ውሰዱ፤ ከዚያ ዳምፑ ውስጥ ላቲን1 ያለውን ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ለውጣችሁ ጫኑ። ፊደሉ ይመለሳል። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን አስቸጋሪ ነው። «ሄክስ» በሚለው ፈንክሽን የተቀመጠውን እዩ፤ በየፊደሉ ኢ1 ብሎ የሚጀምር ከሆነ ግንኙነቱ ነው የተሳሳተው፣ ይስተካከላል። 3ኤፍ፣ 3ኤፍ እያለ ከሄደ ግን የተጻፈው ራሱ የጥያቄ ምልክት ነው፤ ከዚያ ፋይል አማርኛ አይወጣም። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ይህ የሚሆነው ዓምዱ ዩኒኮድ የሚይዘው የጽሑፍ ዓይነት፣ ኤንቫርቻር፣ ሳይሆን ሲቀር፣ ወይም ከጽሑፉ ፊት ኤን የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ስትረሳ ነው። እዚያው ላይ ሌላ ፈተና አድርጉ፦ «ሀ» እና «ለ» እኩል ናቸው ወይ ብላችሁ ሰርቨሩን ጠይቁት። እኩል ናቸው ካለ ኮሌሽኑ የግዕዝን ፊደል አይለይም፤ «ከበደ»ን ስትፈልጉ ሌላም ስም ይመጣል። ስሙ ውስጥ 100 የሚል ቁጥር ያለበትን ኮሌሽን ምረጡ።

ዊንዶውስ ላይ ዳምፕ የምትወስዱት በፓወርሼል ከሆነ ወደ ፋይል የሚያስተላልፈውን የቀስት ምልክት አትጠቀሙ፤ ፋይሉን ዩቲኤፍ16 ያደርገዋል፣ ማይኤስኪውኤል ደግሞ ያንን መልሶ አይጭንም። «ሪዛልት ፋይል» የሚለውን አማራጭ ተጠቀሙ።

ፖስትግሬስ የሚባለው ሌላ የዳታቤዝ ሰርቨር ያላቸው ጥቂት ናቸው፤ ለእነሱ ባጭሩ፦ ከቨርዥን 10 ጀምሮ የመጀመሪያው ቁጥር ከተለወጠ የዳታ ፎልደሩ አይገጥምም። ዳምፕ የሚወስደው ፕሮግራም ከሰርቨሩ እኩል ወይም አዲስ መሆን አለበት፤ ያነሰ ከሆነ አልሠራም ይላል። ወደ ቨርዥን 15 የመጣ ሰው «ፐብሊክ» ስኪማ ውስጥ ሠንጠረዥ መፍጠር ካልቻለ ፈቃዱ ስለተነሳ ነው፤ ለዩዘሩ መስጠት ነው። ፒችትሪ የምትጠቀሙ የሒሳብ ሠራተኞችም አንድ ነገር አስተውሉ፤ የድርጅቱን ፋይል በአዲሱ እትም አንዴ ከከፈታችሁት በአሮጌው አይከፈትም። ሳትከፍቱት በፊት ቅጂ አስቀሩ።

ለግዢ ክፍሎች ደግሞ ይህን እላለሁ። የጨረታ ሰነዱ ላይ «ዳታቤዝ የተጫነበት ሰርቨር» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ አቅራቢው እጁ ላይ ያለውን ይጭናል። የሰርቨሩ ስም፣ ቨርዥኑና የድሮው ዳታ ተዛውሮ የመረካከቢያ ሪፖርት ማውጣት የአቅራቢው ግዴታ መሆኑ ይጻፍ። ቨርዥኑም ድጋፉ ያላበቃ ይሁን፤ የማይኤስኪውኤል 5.7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023፣ የኤስኪውኤል ሰርቨር 2014 ደግሞ እ.ኤ.አ. ጁላይ 9 ቀን 2024 አብቅቷል። የዝውውሩ ሥራ የሚሠራው ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ቢሆን ይመረጣል፤ አፕግሬድ መሐል ላይ መብራት ሲጠፋ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ የሆነ ፎልደር ሊቀር ይችላል፣ እሱን የሚከፍት ቨርዥን ላይገኝ ይችላል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በወሎ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተሮቻቸውን አጥተዋል። በዚያ ጊዜ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ባክአፕ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ሁላችንም አይተናል። እንዲህ ያለውን ፋይል የሚከፍተው ሰው ያስቀመጠው ሰው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ባክአፑ ባለበት ፎልደር ውስጥ የዚያው ቨርዥን መጫኛ ፋይል አብሮ ይቀመጥ፤ ከጎኑ ደግሞ አጭር ጽሑፍ፦ «ማይኤስኪውኤል 5.7.44፣ ዊንዶውስ 64 ቢት፣ ካራክተር ሴት ዩቲኤፍ8፣ የተወሰደበት ቀን፣ የታካሚ ሠንጠረዥ ስንት ረድፍ፣ የደረሰኝ ሠንጠረዥ ስንት ረድፍ»። የረድፉ ቁጥር ካለ፣ የጫነው ሰው ሁሉም መግባቱን በአንድ ቆጠራ ያረጋግጣል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዳታቤዝ ባለሙያ፣ ከደሴ